አንበሶቻችንን በጳጉሜን መቀባት ይቅር



 ክረምቱ አልፎ ጥቅምት ገብቷል። ታዲያ በዚህ ሳምንት በሰፈራችን መግቢያ በኩል ያለፈ ሰው ሁሉ ያየውን እኛም አይተናል። ለእንቁጣጣሽ ብለን የቀባናቸው ሁለቱ የሲሚንቶ አንበሶች ቀለማቸው እንደ ድንች ልጣጭ እየተላጠ ነው። በስተቀኝ ያለውማ አፍንጫው ጭምር ረግፏል። ልጆቹ «ቁስለኛው» የሚል ስም አውጥተውለታል። መጀመሪያ ስቀን ነበር፤ ነገር ግን ቀለሙ የተገዛው ከየቤቱ በተዋጣ ገንዘብ ስለሆነ የሚያስቅ አይደለም።

አንበሶቹና ስምንቱ የአበባ ማስቀመጫዎች ከተሠሩ ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ በየዓመቱ ጳጉሜን ሲገባ እንቀባለን፤ በየዓመቱም ኅዳር ሳያልቅ ይላጣል። እስካሁን ጥፋቱን በቀለሙ ላይ ስናላክክ ቆይተናል። የሸጠልንንም ሰው ወቅሰናል። አሁን ግን ግንበኞችን ጠይቀን፣ በዓይናችንም አይተን የደረስንበት ሐሳብ ሌላ ነው። ጥፋቱ የእኛው ነው፤ በጳጉሜን መቀባት መቅረት አለበት እንላለን።

ሲሚንቶ ሲያዩት ድፍን ይመስላል እንጂ እንደ እንጀራ ዓይን አለው። ዓይኑ በጣም ጥቃቅን ስለሆነ አይታየንም እንጂ ክረምቱን ሙሉ በእሱ ውኃ ሲጠጣ ይከርማል። በጳጉሜን ፀሐይ አንድ ሁለት ቀን ብልጭ ስትል ላዩ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ርጥብ ነው። በዚያ ላይ ዘይት ቀለም ስንለብጥበት ውኃውን ከውስጥ ቆለፍንበት ማለት ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ውኃው መውጫ ይፈልጋል፤ ቀለሙን ገፍቶ ያሳብጠዋል፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

በዚህ ላይ የአገራችን ውርጭ አለ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ምን እንደሚመስል ለእናንተ አንነግርም፤ ውርጭ የመታው ባቄላ ያየ ያውቀዋል። ውኃ በረዶ ሲሆን 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። በሲሚንቶው ዓይን ውስጥ የቀረው ውኃ ሌሊት ሲረጋ ይገፋል፤ ቀን ሲቀልጥ ይለቃል፤ ማታ እንደገና ይገፋል። አንድ ሌሊት ምንም አያደርግም። ዓመት በዓመት ላይ ሲደረብ ግን ጠርዙን፣ ጆሮውን፣ አፍንጫውን እያለ ያረግፈዋል። ደረቅ የሆነውን ሲሚንቶ ውርጭ ብዙም አይጎዳውም፤ የሚጎዳው ርጥበትና ውርጭ ሲገናኙ ነው። ስለዚህ ተራ ደርሷችሁ አበባ የምታጠጡ ሁሉ፣ እባካችሁ ከአሁን ጀምሮ እስከ ጥር መጨረሻ ማታ ማታ ማጠጣቱን ተዉትና ጠዋት ከ3 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ማታ ያጠጣችሁት ማስቀመጫ እንደራሰ ነው ለውርጭ የሚያድረው።

የባሰው ነገር ግን የቀለም አይደለም። በ2017 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ከማስቀመጫዎቹ የአንዱ ጎን ተገንጥሎ ወድቆ የሰፈራችንን አንድ ልጅ እግር እንዳቆሰለ ታስታውሳላችሁ። ቁራጩን አንሥተን ስናየው ውስጡ ያለው ፌሮ ዝጎ አብጧል። ብረት ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ እጥፍ የሚበልጥ ቦታ ስለሚፈልግ ሲሚንቶውን ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ያንን ስንጥቅ ደግሞ ዓመት ሙሉ ሁላችንም አይተነው ነበር። አይተን ምን አደረግን? በጳጉሜን በቀለም ሸፈንነው። ሳይቃጠል በቅጠል ይሉ የለ? እኛ ቅጠሉን ትተን ቀለም ያዝን። ልጁ ድኗል፤ እናቱን ግን ዛሬም ቀና ብለን ለማየት እናፍራለን።

በስብሰባ ላይ አንዳንድ አባቶች «ዓመት በዓል መጥቶ ሰፈሩ ሳይቀባ እንግዳ ምን ይለናል?» ብለዋል። ንግግራቸውን እናከብራለን። እኛም ሰፈራችን እንዲያምር እንወዳለን። ለበዓል ግን ማጽዳት ይበቃል። ክረምት ያበቀለው አረንጓዴ የድንጋይ ሽበት በውኃና በጠንካራ የሣር ብሩሽ ሲፈተግ ይለቃል። የሽቦ ብሩሽ አይሆንም፤ ላዩን ይፍቀውና የባሰ ውኃ የሚጠጣ ያደርገዋል። አልለቅ ያለው ላይ በውኃ የቀጠነ በረኪና ተቀብቶ ወዲያው በብዙ ውኃ መታጠብ አለበት። በረኪናን ከአሲድ ወይም ከሽንት ቤት ማጽጃ ጋር መቀላቀል ግን ክልክል ነው፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ይጎዳል።

በወይራው ሥር ያለውን የድንጋይ መቀመጫም ወጣቶቻችን እንቀባው ብለው ጠይቀዋል። ትጋታቸው ደስ ይለናል፤ ሐሳቡን ግን አንቀበለውም። ድንጋዩ መልኩን ከራሱ ይዞ ነው የመጣው፤ ቀለም ከነካው እንደ አንበሶቹ በየዓመቱ ሲላጥ መኖሩ ነው። በእግሩ በኩል የተከፈተው መገጣጠሚያም ድርቅ ባለ ሲሚንቶ መሞላት የለበትም። ሲሚንቶው ከድንጋዩ በላይ ስለሚጠነክርና ውኃ ስለሚያግድ ጠርዙን ይሰብረዋል። ኖራ በአሸዋ ለውሶ መሙላት ይሻላል፤ የድሮ ግንበኞችም የሚሠሩት በዚሁ ነበር።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። የቀለሙ መዋጮ እንደተለመደው ይሰብሰብ፤ መጀመሪያ ግን ሲሚንቶና አሸዋ ይገዛበት። ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ስንጥቁ ሁሉ ይከፈት፣ የዛገው ፌሮ ይፈተግ፣ ይለሰን። የተለሰነው 7 ቀን ውኃ እየጠጣ፣ በጆንያ ተሸፍኖ ይቆይ። 28 ቀን ሳይሞላው ቀለም አይንካው። ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ እንቀባዋለን፤ ያውም በፕላስቲክ ቀለም እንጂ በዘይት ቀለም አይደለም። ከመቀባታችን በፊት ቁራጭ ላስቲክ ዙሪያውን አጣብቀን እናሳድራለን፤ ጠዋት ከሥሩ ላብ ካየን ገና አልደረቀም ማለት ነው፤ እንጠብቃለን። ማስቀመጫዎቹም ከሥራቸው ውኃ ማፍሰሻ ቀዳዳ ይበሳላቸው፤ መሬት ላይ ተዘፍዝፈው ከመክረምም እንደ ድስት በሦስት ጉልቻ ላይ ይቀመጡ።

ይህ ሁሉ በሚቀጥለው ጠቅላላ ስብሰባ ይነሣል፤ የተቃወመ ይናገር፣ እንሰማለን። እስከዚያው ግን የማይቆይ ሥራ አለ። የተሰነጠቁት ሦስት ማስቀመጫዎች ልጆች ከሚያልፉበት መንገድ መነሣት አለባቸው። አንዱን ለማንሣት አራት ሰው አይበቃውም። እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ 4 ሰዓት ላይ፣ አንበሶቹ ዘንድ እንገናኝ። ገመድና አጣና ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ