ዓሣን ለጨዋታ ስለ ማጥመድ

ሰው በዕረፍቱ ቀን የሚያደርገው ነገር በሥራው ቀን ከሚያደርገው ይልቅ ጠባዩን ይገልጠዋል። በሥራ ቀን አለቃው፥ ዕዳውና የልጆቹ ጉሮሮ ይነዱታል፤ በዕረፍት ቀን ግን የሚነዳው የገዛ ፈቃዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በዲላ ከማውቃቸው ወዳጆቼ አንዳንዶቹ የቡናው ገንዘብ እጃቸው ሲገባ የሚጫወቱትን አንድ ጨዋታ፥ «ጨዋታ ነው፤ አንተ ምን አገባህ» ቢሉኝም እንኳ ዝም ብዬ ላልፈው አልወደድሁም። ጨዋታውም ይህ ነው፤ ቤተ ዘመድና ባልንጀራ ተጠራርቶ፥ ሚኒባስ ተከራይቶ፥ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ሐዋሳ ይገባል፤ ኪሱ የበረታም እንደ ሆነ እስከ አርባ ምንጭ ይዘልቃል፤ ከዚያም ጀልባ በሰዓት ይዞ፥ ከባሕር ማዶ በመጣ ዘንግና መንጠቆ ዓሣ ሲጐትት ይውላል። የሚበላው ዓሣ ፈልጎ አይደለም። ትልቁን ዓሣ በሁለት እጁ አንሥቶ ፎቶግራፍ ሊነሣ ነው።

ስለ ሽርሽሩ የምናገረው ክፉ ነገር የለኝም። የጌዴኦ ልጅ የሚያድገው በተራራው ገጽ፥ በእንሰትና በቡና ጥላ ሥር ነው። ውኃ ሲባል የሚያውቀው ምንጭና ወንዝ ነው፤ አባያ ሐይቅ ከዲላ በስተ ምዕራብ ቆላው ውስጥ ተዘርግቶ ሳለ፥ አንድ ቀን ዳሩ ላይ ሳይቆም የሚሸመግል ሰው አለ። እንዲህ ያለውን ሰው ከነልጆቹ ጀልባ ላይ አውጥቶ ጉማሬ ማሳየት፥ ሐዋሳም አሞራ ገደል ወስዶ ትኩስ የዓሣ ጥብስ ማብላት መልካም ነው፤ እኔም ከነሱ ጋር ሄጄ በልቻለሁ። ጠቤ ከመንጠቆው ጋር ነው።

ይህ ልማድ በእኛ ሐይቆች የተወለደ አይደለም። በአባያ የጊዲቾ ሰዎች ከቀላል እንጨት በታሰረ ታንኳ፥ በጣናም ሰዎች ከደንገል በተሠራ ታንኳ ውኃው ላይ ኖረዋል፤ ነገር ግን ያ ሁሉ ለእንጀራ ነበር። ለጨዋታ ማጥመድን ያመጣነው ከጥልቅ ባሕር ነው። አገራችን ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ የባሕር በር የላትም፤ ሐዋሳ ሐይቅም ጥልቅ በሚባለው ስፍራው 25 ሜትር አይሞላም። ቢሆንም በአሜሪካ የሚኖር የአንድ ወዳጄ ወንድም ከቤተ ሰቡ ጋር በውቅያኖስ ላይ ጀልባ ተከራይቶ የተነሣውን ፎቶግራፍ ላከ፤ በተከታዩ ዓመትም ዘንጉን ራሱን ይዞ መጣ። ከዲላ የሚያልፈው መንገድ ሞያሌን ተሻግሮ ኬንያ ይገባልና፥ አሁን ደግሞ «ገንዘብ አዋጥተን ማሊንዲ እንውረድ» የሚሉ ተነሥተዋል። ማሊንዲ በሕንድ ውቅያኖስ ዳር ያለች፥ ማርሊን የሚባለውን አፈ ጦር ዓሣ ሊያጠምዱ የሚሹ እንግዶች ጀልባ የሚከራዩባት ከተማ ናት።

በዚያ ያለውን አሠራር እስቲ እንመልከተው። ዓሣው የት እንዳለ የሚያውቀው የጀልባው ካፒቴን ነው፤ ወፎቹን አይቶ፥ የውኃውን ቀለምና ሞገዱን መርምሮ ይነዳል። መንጠቆው ላይ ምግቡን የሚሰካው፥ ክሩንም ከጀልባው ኋላ የሚለቀው ረዳቱ ነው። እንግዳው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ዓሣው ሲነክስ ዘንጉን ይይዝና ይጐትታል። በ1939 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የጨዋታ ዓሣ አጥማጆች ማኅበር ደግሞ፥ ዓሣው ከተያዘ በኋላ ሌላ ሰው ዘንጉን የነካ እንደ ሆነ ክብረ ወሰኑ አይመዘገብም የሚል ሕግ አለው። አንባቢ ሆይ፥ ይህን ሕግ ልብ ብለህ እየው። የሌላ ሰው እጅ ዘንጉን ከነካ ክብሩ ይጠፋል፤ የሌላ ሰው ዕውቀት፥ የሌላ ሰው ጀልባ፥ የሌላ ሰው ድካም ግን ከክብሩ ምንም አያጐድልም! የካፒቴኑ ስም በፎቶግራፉ ሥር ተጽፎ እኔ አላየሁም።

ወዳጆቼ ክርክር አያጡም። «ጴጥሮስም ዓሣ አጥማጅ ነበር» ይሉኛል። ነበር እንጂ፤ ግን መረቡን የጣለው ቤቱን ሊያስተዳድርበት ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ደክሞ ባዶ እጁን የወጣ ሰው ፎቶግራፍ ቀረብኝ ብሎ አያዝንም። ከነሱ የተማረው ደግሞ ኧርነስት ሄሚንግዌይን ይጠቅስብኛል። ሄሚንግዌይ በእውነት የዚህ ጨዋታ ወዳጅ ነበር፤ የራሱ ጀልባ ነበረው፤ በ1934 እ.ኤ.አ. ማሊንዲ ድረስ መጥቶ አጥምዷል። ነገር ግን በ1952 እ.ኤ.አ. «ሽማግሌውና ባሕሩ» የተባለውን መጽሐፉን ባሳተመ ጊዜ፥ በባሕር ላይ ትልቅ ሰው ማን እንደ ሆነ ሊያሳይ የመረጠው ጀልባ በሰዓት የተከራየውን ጌታ አልነበረም። 84 ቀን ዓሣ ያጣውን፥ እንጀራው በመንጠቆው ጫፍ ላይ የተንጠለጠለውን ድኻ ሽማግሌ ነው። ጨዋታውን አጥብቆ የሚያውቀው ሰው ክብሩን ለማን እንደ ሰጠ ከዚህ ይታያል።

ለጌዴኦ ሰው ግን ከባሕር ማዶ ምሳሌ ማምጣት አያስፈልገኝም። እንሰት ተተክሎ ለመፋቅ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። የእንሰቱ ባለቤት፥ «ከጎረቤቴ እንሰት ይበልጥ እንደ ሆነ ልለካው» ብሎ ከሥሩ ገንድሶ፥ አጠገቡ ቆሞ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፥ ጥሎት ቢሄድ ጎረቤቶቹ ምን ይሉታል? አበደ ብለው ዘመዶቹን ይጠራሉ፤ የሶንጎውም ሽማግሎች ፊታቸው ያቆሙታል። ቡናስ ቢሆን? ቀዩን ለቅሞ አረንጓዴውን መተው የይርጋ ጨፌም የኮቸሬም ሕፃን የሚያውቀው ነገር ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ሲመዘገብ፥ የተመሰከረለት ሕዝቡ ዛፉን፥ እንሰቱንና ቡናውን በአንድ ላይ አኑሮ በልክ እየወሰደና እየተወ መኖሩ ነው። ታዲያ ይህን ዕውቀት ከአያቱ የወረሰ ሰው ሐዋሳ ሲደርስ ሚኒባሱ ውስጥ ትቶት ይወርዳልን? ወይስ ዓሣ አጥር ስለሌለው ባለቤትም የለውም ብሎ ነው?

የትልቁ ዓሣ ነገር ከሁሉ ይከፋል። ለእራት የሚያጠምድ ሰው ለድስቱ የሚበቃውን ካገኘ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ለፎቶግራፍ የሚያጠምድ ግን ከሁሉ ትልቁን ይሻል። በጫሞ የሚፈለገው ናይል ፐርች ከ100 ኪሎ በላይ ሊያድግ የሚችል ዓሣ ነው። እንዲህ የሚገዝፉት አብዛኞቹ እንስቶች ናቸው፤ አንዲት ትልቅ እንስት የምትጥለው ዕንቁላልም ብዙ ትንንሾች ከሚጥሉት ይበልጣል። እንግዲህ ትልቁን ዓሣ መርጦ መግደል በረት ገብቶ ጥገቷን መርጦ እንደ ማረድ ነው። የጫሞ ናይል ፐርች በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ይገኝ እንደ ነበረው ዛሬ አይገኝም። ያመናመነው የንግድ መረብ መብዛት ነው እንጂ የጨዋታ መንጠቆ አይደለም፤ ይህን አልክድም። ነገር ግን ከታመመ ሰው ላይ ብርድ ልብስ የሚገፍ ሰው፥ «ያሳመምሁት እኔ አይደለሁም» ቢል ማን ይሰማዋል? የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315/1995 አለን፤ አዋጅ ግን በየጀልባው ላይ ዘበኛ ሆኖ አይቀመጥም።

«እኛ እንለቀዋለን እኮ» የሚሉም አሉ። እነዚህ ከሌሎቹ የተሻሉ መሆናቸውን እመሰክራለሁ፤ በኬንያም ማርሊኑን ምልክት አድርገው የሚለቁ ካፒቴኖች አሉ። ይሁን እንጂ መለቀቅ ሁሉ መዳን አይደለም። ከጥልቅ ውኃ በፍጥነት የተሳበ ዓሣ በውስጡ ያለው የአየር ከረጢት ይነፋና ተመልሶ መጥለቅ ያቅተዋል። በሞቀ ውኃ ብዙ ጊዜ የታገለ ዓሣ ቢለቀቅም በድካሙ ሊሞት ይችላል፤ በደረቅ እጅ ሲያገላብጡትም ቆዳውን ከበሽታ የሚጠብቀው ልጋግ ይገፈፋል። ስለ ምን እንደሚለቁት ስጠይቃቸው «እንዲኖር ነዋ» ይሉኛል። እንዲኖርስ ከፈለጋችሁ አፉን በብረት መብሳታችሁ ስለ ምንድር ነው? ለዚህ እስካሁን መልስ የሰጠኝ የለም፤ ይስቃሉ።

ደግሞም «ለባለ ጀልባው እንጀራ ነው» ይባላል። ባለ ጀልባው ኪራዩን የሚቀበለው በሰዓት ነው እንጂ በዓሣው ቍጥር አይደለም፤ ዘንግ ብንይዝም ባንይዝም ያው ነው።

ባለፈው ጥር አብሬያቸው ሄጄ ያየሁትን ልናገር። የሐይቁንም የባለ ጀልባውንም ስም አልጠራም። ለስምንት ሰው በተሠራ ጀልባ ከነልጆቹ ዐሥራ ሦስት ሆነን ተሳፈርን፤ የሕይወት አድን ጃኬት አራት ብቻ ነበረ፤ ከአራቱም የአንዱ ማሰሪያ ተበጥሷል። ሕፃናቱን አልብሷቸው ብል፥ ዘንግ ለሚይዙት ይገባል ተባለ፤ ለምን ቢሉ፥ ፎቶግራፍ ላይ ያምራልና። ቢራውም ተከፈተ። ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሞገዱ ጀልባውን ሲያላጋው፥ እናቶች ልጆቻቸውን በጉያቸው አቅፈው ሲንቀጠቀጡ፥ ዘንግ የያዘው ወዳጄ «ትንሽ ቆይልኝ፥ ነክሶልኛል» እያለ ባለ ጀልባውን ይለምን ነበር። የነከሰለትም ከእጅ መዳፍ የማይበልጥ ቆሮሶ ነበር። ዳር ስንወጣ የያዙትን ዐሥራ ሰባት ጫጩት ዓሣ በድንጋይ ላይ ደርድረው ፎቶግራፍ አነሡና ለአባ ኮዳ ጣሉት። ከእኛ ጥቂት እርምጃ ርቆ አንድ ዓሣ አጥማጅ የተቀደደ መረቡን ይጠግን ነበር፤ ቀና ብሎ አየና ተመልሶ ወደ መረቡ አጐነበሰ። ያን የመሰለ ጫጩት እሱ ይዞት ቢገኝ ኖሮ፥ ዓይኑ የጠበበ መረብ ጣልህ ተብሎ የሚወቀሰው እሱ ነበር።

የተጣለውን ዓሣ ሳይ 2010 ዓ.ም. ትዝ አለኝ። በዚያ ዓመት በጌዴኦና በምዕራብ ጉጂ በተነሣው ግጭት በመቶ ሺሖች የሚቈጠር ሰው ተፈናቅሎ፥ ገደብና ይርጋ ጨፌ በየትምህርት ቤቱና በየቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ሰፍሮ ነበር። ዛሬ ዘንግ የሚይዙት ወዳጆቼ ያን ጊዜ ከየቤታቸው ዱቄትና ልብስ ሲያዋጡ ዐይቻቸዋለሁ። ደጎች ናቸው፤ የምቆጣቸውም ስለዚህ ነው። ለክፉ ሰው ይህን ያህል ወረቀት አላባክንም።

አሁን ደግሞ ለመጪው ጥር እየተዘጋጁ ነው፤ የእኔንም ስም መዝገቡ ላይ አስፍረዋል። ድርሻዬን እከፍላለሁ፥ ጀልባውም ላይ እወጣለሁ፤ ነገር ግን ጃኬቱ በሰው ልክ ካልሆነ ልጆቼ አይሳፈሩም ብዬአለሁ። የምንበላውንም ዓሣ ገና ሲነጋ ከመረቡ ከሚያወጣው ሰው፥ ዋጋ ሳንቈርጥበት እንግዛ፤ ዘንጉን ግን ዲላ ትታችሁት ኑ አልኋቸው። በጃኬቱ ተስማምተዋል። ስለ ዘንጉ ገና እየተመካከሩ ነው።