የትሪየር ከተማ ቅርሶች ምስክርነት

የቀደሙ ሰዎች ሥራ ለኋለኞች የሚተላለፈው በድንጋዩ ጥንካሬ ብቻ ሳይሆን ጠባቂ በማግኘቱ ነው፡፡ ለዚህም ነገር በጀርመን አገር፣ በሞዘል ወንዝ ዳር፣ ወይን በተተከለባቸው ኮረብታዎች መካከል የምትገኘው የትሪየር ከተማ በቂ ምስክር ናት፡፡

ከተማይቱ ለኢትዮጵያ ምእመናን ፈጽማ እንግዳ አይደለችም፡፡ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን በጵጵስና የሾመው ቅዱስ አትናቴዎስ፣ እንደ ኤውሮጳ አቈጣጠር በ335 ዓ.ም. በንጉሥ ቈስጠንጢኖስ ትእዛዝ የተጋዘው ወደዚህች ከተማ ነበር፡፡ ወደ እስክንድርያም የተመለሰው ንጉሡ ካረፈ በኋላ በ337 ነው፡፡

የከተማይቱ ታላቁ በር፣ «ጥቍር በር» የሚባለው፣ በ170 ገደማ በሮማውያን የተሠራ ነው፡፡ ድንጋዮቹ ያለ ኖራ በብረት ማያያዣ የተጋጠሙ ስለ ነበሩ፣ በመካከለኛው ዘመን ብረት የፈለጉ ሰዎች ግንቡን እየፈለፈሉ ወስደውታል፤ ቀዳዳው ዛሬም ይታያል፡፡ በሩን ከመፍረስ ያዳነው ግን ስምዖን የተባለ ግሪካዊ መነኵሴ በውስጡ ተዘግቶ መኖሩ ነው፡፡ እርሱ በ1035 ካረፈ በኋላ በሩ ቤተ ክርስቲያን ሆነ፤ የጸሎት ቤትንም ማንም ሊያፈርስ አልደፈረም፡፡ ይሁን እንጂ በ1804 ናፖሌዎን የሮማውያኑ ሥራ እንዲገለጥ ብሎ ቤተ ክርስቲያኑን አስፈረሰ፡፡ አንዱን ቅርስ ለማሳየት ሌላው ጠፋ ማለት ነው፡፡

በ1877 በተመሠረተው ቤተ መዘክርም በ220 ገደማ ከድንጋይ የተቀረጸ፣ የወይን ጠጅ በርሜል የጫነ መርከብ ይገኛል፡፡ ይህ የመቃብር ሐውልት የተረፈው የኋለኞቹ ሮማውያን ለምሽግ መሠረት ስለ ቀበሩት ነው፤ በ1878 በኖይማገን መንደር እስኪገኝ ድረስም ያወቀው አልነበረም፡፡ በ1993 ከመሬት የወጣው ከ2,500 የሚበልጥ የወርቅ ገንዘብም በዚሁ ቤት ይጠበቃል፡፡ በ2019 ሌቦች ሰብረው ቢገቡም፣ መስተዋቱ ስላልበገረላቸው ባዶ እጃቸውን ሸሹ፡፡

እንግዲህ መርከቡን አጋጣሚ አዳነው፤ ወርቁን ግን ያዳነው አስቀድሞ የታሰበ ጥበቃ ነው፡፡ አጋጣሚ አንድ ጊዜ ቢረዳ ሁለተኛ ላይረዳ ይችላል፡፡ ስለዚህ ቅርስ ያለው ሕዝብ ሁሉ ጠባቂውንና ሕጉን ከጥፋቱ በፊት ያዘጋጅ፤ አሮጌውን ለማደስ የሚነሣም ሰው፣ የአንዱን አባት መታሰቢያ ሲያቆም የሌላውን እንዳያፈርስ አጥብቆ ይጠንቀቅ፡፡