ቮልሷ ትሸጥ ወይስ ትቆይ?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ክትባትም ስለ ሕፃናት ተቅማጥም አይደለም፤ ስለ አንዲት አሮጌ መኪና ነው። “ሲስተር ደግሞ በጡረታዋ መካኒክ ሆነች እንዴ?” እንዳትሉኝ። ነገሩ የመጣው ከገዛ ቤቴ ነው።

የእህቴ ልጅ እዚሁ ደብረ ታቦር ውስጥ መምህር ነው። ባለቤቱ ሰባተኛ ወሯን ይዛለች፤ የመጀመሪያ ልጃቸው ነው። ይህ ልጅ ዕድሜዋ ከእሱ የሚበልጥ አንዲት ቮልስ አለችው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሲገዛት ሞተሯ ወርዶ፣ ወንበሯን አይጥ በልቶት፣ ከአንድ ግቢ ጥግ ዶሮ ያድርባት ነበር። ከደመወዙ እየቆጠበ፣ ዕቃ ከባሕር ዳርም ከአዲስ አበባም እያስመጣ አስነሳት፤ ሰማያዊ ቀለምም ቀባት። ለሥራ አይሄድባትም፤ ትምህርት ቤቱ በእግር አሥር ደቂቃ ነው። እሁድ እሁድ ያጥባታል፣ ይፈታታል፣ መልሶ ይገጥማታል። ለቡሄና ለጥምቀት አውጥቶ ከተማውን አንድ ዙር ይዞርባታል። አልነሳ ስትል የሰፈር ልጆች ተሰብስበው ይገፏታል። አንድ ጎረቤታችን፣ “አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ከጋፋት መቅደላ ሲያስጎትቱ እንኳ ይህን ያህል ጩኸት አልነበረም” እያሉ ይስቃሉ። ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን የሚመዝን መድፍ ነበር፤ የእኛዋ ቮልስ አንድ ቶን እንኳ አትሞላም።

ባለፈው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ሁለቱም ተያይዘው መጡ። ቡናው ገና ሳይወርድ፣ “አክስቴ፣ አንቺ ፍረጂን” አለኝ። እናቱ፣ ማለትም እህቴ፣ “ልጅ የሚወለድለት ሰው መጫወቻ አያስቀምጥም፤ ሽጣትና አልጋና ቁም ሳጥን ግዛ” ብላዋለች። የአማቾቹም ቃል ያው ነው። ባለቤቱ ግን አንገቷን ደፍታ ዝም ብላለች።

እኔ ለመፍረድ አልቸኮልኩም። ምክንያቱም እንዲህ ባለው ችሎት አንድ ጊዜ ተቀምጬ አውቃለሁ፤ ያኔ ከሳሿም ዳኛዋም እኔ ነበርኩ።

በ1979 ዓ.ም. የመጀመሪያ ልጄን ሳረግዝ ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ አንዲት አሮጌ ፊያት 600 ነበረችው። የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ነበር። ያን ጊዜ መኪና ያለው ሰው በጣት የሚቆጠር ነው፤ እሷም ብትሆን ከምትሄድበት ቀን የምትቆምበት ይበዛል። የወጥ ቤታችን ጣሪያ ያፈስ ነበር። እኔ ለእሱ አንድ ቃል ሳልተነፍስ ለአጎቱና ለንስሐ አባታችን ነገርኳቸው። አንድ እሁድ መጡና ከበው አስጨነቁት። በሳምንቱ መኪናዋን ለአንድ የወረታ ነጋዴ ሸጣት። በገንዘቡ ቆርቆሮና አልጋ ገዛን፤ የተረፈውን በላነው።

ጣሪያው መከደን ነበረበት፤ አሁንም ቢሆን ትሸጥ ነበር የምለው። ባለቤቴም አንድ ቀን እንኳ አልወቀሰኝም። ከዚያ በኋላ ግን የሚወደውን ነገር ለእኔ መንገር ተወ። እኔም፣ እውነቱን ልናገር፣ መተዉን ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለአርባው ተዝካር የመጣ አንድ ወዳጁ፣ ከሽያጩ በኋላ ሁለት ጊዜ ወረታ ድረስ ወርዶ መኪናዋን አይቷት እንደተመለሰ አጫወተኝ። ለእኔ “ለሥራ ነው” ብሎኝ ነበር። ጥፋቴ መኪናዋን ማሸጤ አይደለም። እሱን ሳልጠይቅ፣ ሰው ሰብስቤ ማሸጤ ነው።

ስለዚህ በዚያ ቅዳሜ መጀመሪያ ያደረግሁት ሁለቱን ለየብቻ መጠየቅ ነበር። ጥያቄዬ አንድ ነው፤ “ምኑን ነው የምትፈሩት?”

እሱ፣ “አክስቴ፣ አንዴ ከሸጥኳት ዳግመኛ አላገኛትም” አለኝ። ይህ የልጅ ምኞት ብቻ አይደለም። ቮልስ በዓለም ላይ ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርታለች፤ የመጨረሻዋ በ2003 እ.ኤ.አ. ከሜክሲኮ ፋብሪካ ከወጣች ወዲህ ግን አዲስ የለም። በአገራችን ደግሞ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ ከባድ ቀረጥ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በሌላው አገር መኪና በየዓመቱ ዋጋው ይወርዳል፤ እዚህ ግን ሰው መኪናን እንደ ባንክ ነው የሚያየው። ይህን ነገርኩት፤ ግን ሌላውንም ጨመርኩለት፤ “ዋጋዋ አይወርድም ማለት ታበላለች ማለት አይደለም። የቆመ መኪና የቤት ኪራይ አይከፍልም።”

እሷን ስጠይቃት ስለ ገንዘብ ታነሳለች ብዬ ነበር። “እትዬ፣ ገንዘቡ አይደለም፤ እሁድ ነው” አለችኝ። “ሳምንቱን ሙሉ ሥራ ላይ ነው። እሁድን ከመኪናዋ ሥር ተኝቶ ነው የሚውለው። ልጁ ተወልዶም እንዲሁ ከሆነ እኔ ብቻዬን ላሳድግ ነው። ይህን ብነግረው መኪናውን ቀናችበት ይሉኛል ብዬ ነው ዝም ያልኩት።” እህቴም አማቾቹም ስለ አልጋና ስለ ቁም ሳጥን ሲከራከሩ ይህችን ልጅ የጠየቃት ሰው አልነበረም።

ከዚያ ወረቀት አመጣሁና ከመሐል መስመር አሰመርኳቸው። በአንድ ወገን የመኪናዋ የዓመት ወጪ ተጻፈ፤ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ፣ የዓመት ምርመራና ቦሎ፣ ባትሪ፣ ጎማ፣ ቤንዚን፣ መለዋወጫ። በሌላው ወገን የሕፃኑና የእናቲቱ። ሲደመር ቮልሷ በዓመት ከሁለት ወር የቤት ኪራያቸው በላይ ትበላለች፤ ልጁ ይህን አላወቀም ነበር። በልጁም ወገን ያስደነገጣቸው ወጪ ካሰቡት ያነሰ ሆነ። የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ምግብ የእናት ጡት ብቻ ነው። መደበኛ ክትባት በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ነው። የማይነካው ወጪ የእናቲቱ ምግብና ለወሊድ፣ ለድንገተኛ ሕመም የሚቀመጠው ገንዘብ ነው። እሱ ሳይሟላ ለቮልስ አንድ ብሎን እንኳ አይገዛም አልኳቸው።

ከዚህ በኋላ እንደ ጤና ባለሙያ የምናገረው ተራ ደረሰ። አሮጌ መኪና ያለበት ቤት ሁሉ ቢያውቀው ስለሚጠቅም ለእናንተም ላካፍላችሁ።

አንደኛ፣ ምጥ ሲመጣ በዚህች መኪና አትተማመኑ። “መኪና አለን” ብሎ የተዘናጋ ቤተሰብ ሌሊት ላይ ሞተር አልነሳ ሲለው ምን እንደሚሆን በሥራ ዘመኔ አይቻለሁ። የአምቡላንስ ስልክ ይያዝ፤ ሌሊት የሚሠራ የሚታወቅ ባጃጅ ነጂ ስልክም ይያዝ፤ ዕቃው በቦርሳ ይዘጋጅ። ቮልሷ ሦስተኛ አማራጭ ትሁን።

ሁለተኛ፣ ማሞቂያዋን ተጠንቀቁ። የቮልስ ሞተር የሚቀዘቅዘው በውኃ ሳይሆን በአየር ነው፤ ማሞቂያዋ የሚሞቀውም ከጭስ ማውጫው ዙሪያ በሚያልፍ አየር ነው። እሱ ዝጎ ከተቀደደ የሞተሩ ጭስ ወደ ውስጥ ይገባል። በጭሱ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ እንቅልፍ፣ ከዚያ ሞት ያመጣል። ነፍሰ ጡርና ሕፃን ላይ ደግሞ ይከፋል። ደብረ ታቦር ከባሕር ጠለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ካርቡሬተር ያለው ሞተር ቤንዚኑን በደንብ አያቃጥልም፣ ጭሱም ይመርዛል። በክረምት የጉና ብርድ ሲመጣ ደግሞ መስኮት ሁሉ ይዘጋል። ስለዚህ ማሞቂያው ይዘጋ፣ ልብስ ይደረብ። የቤንዚን ሽታ ውስጥ ከገባም ቱቦው ሳይታይ አትነዳ። ሞተሩንም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ማስነሳት ክልክል ነው።

ሦስተኛ፣ ቤንዚን በሃይላንድ ጠርሙስ አይቀመጥ። ሕፃን ልጅ ውኃ መስሎት የጠጣውን ስንት ጊዜ ተቀብያለሁ! እናቶች ደንግጠው ጣት ከተው ያስታውካሉ፤ ወተት ይግታሉ። ሁለቱም ስህተት ነው። ሲያስታውከው ቤንዚኑ ወደ ሳንባ ይገባል፤ የሚገድለውም ይኸው ነው። ምንም ሳይሰጡ፣ ሳያስታውኩ፣ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ነው። ቤንዚን፣ የሞተር ዘይትና የባትሪ አሲድ በራሳቸው ዕቃ፣ ከፍ ብሎ በሚቆለፍ ቦታ ይሁኑ። ከመኪናዋ ሥር የወጣ አባትም ልብሱን ለውጦ፣ እጁን በሳሙና ታጥቦ ነው ልጁን የሚታቀፈው። እጅን በቤንዚን መታጠብ የሚባለው ልማድ ይቅር። የአሮጌ መኪና የፍሬን ሸራም አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል፤ ብናኙን በአፍ እፍ አይበሉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ይጥረጉት።

አራተኛ፣ ሕፃኑ በእሷ አይሂድ፣ ቢያንስ ቀበቶ እስኪገጠም። ብዙዎቹ የድሮ ቮልሶች ከኋላ ቀበቶ የላቸውም፤ የሕፃን ወንበር ደግሞ ያለ ቀበቶ አይታሰርም። “ታቅፌ አጥብቄ እይዘዋለሁ” የሚለው አይሠራም። መኪና በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር እየሄደ ከተጋጨ 5 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን በዚያች ቅጽበት ከ100 ኪሎ በላይ ሆኖ ነው ከእቅፍ የሚያመልጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆኑትን ከምንም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። እውነት ነው፣ በባጃጅና በሚኒባስም ልጆቻችንን ታቅፈን ነው የምንሄደው፤ እሱን ደህና ነው አልልም። ግን በየሰፈሩ ቀስ ብሎ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድና ወደ ወረታ የሚወርደውን ቁልቁለት ፍሬኑ በማይታመን መኪና መውረድ አንድ አይደሉም። ያለ ግድ የሚመረጥ አደጋ ለሽርሽር አይገባም።

ይህን ሁሉ ተናግሬ ስጨርስ ልጁ ዝም አለ። እኔም “ሽጣት” አላልኩትም፣ “አስቀምጣት”ም አላልኩትም። “ውጪ ተቀምጣችሁ ተነጋገሩና ተመለሱ” አልኳቸው። ሁለተኛው ቡና ሲወርድ ተመለሱ።

የተስማሙበትን በዚያው ወረቀት ጀርባ ጻፉት። ቮልሷ የልጁ የመጀመሪያ ልደት እስኪደርስ ትቆያለች፤ እስከዚያ አዲስ ዕቃ አይገዛላትም። እሁድ የቤተሰብ ነው፤ ለመኪናዋ በወር ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃታል፣ እሱም አራሷ ደህና ከሆነች። ቀበቶ እስኪገጠም ሕፃኑ አይሳፈርባትም። ለድንገተኛ የተቀመጠው ገንዘብ ከተነካና በሁለት ወር ካልተመለሰ ያለ ክርክር ትሸጣለች። የመጨረሻውን ሐሳብ ያመጣው እሱ ራሱ ነው። ሁለቱም ፈረሙ።

እህቴ ይህን ስትሰማ “አንቺ ደግሞ አበላሸሽው!” ብላ ተቆጣችኝ። ምናልባት እውነቷን ይሆናል፤ ዓመቱ ሲደርስ ልጆቹ ራሳቸው ትሸጥ ሊሉ ይችላሉ። ሕፃን ሲመጣ ብዙ ነገር ያስረሳል፣ ብዙ ነገርም ያስወድዳል።

ወላጆችና አያቶች የሆናችሁ አንባብዎቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው። ነገሩ መኪና ላይሆን ይችላል፤ ሞተር ብስክሌት፣ ርግብ፣ ማሲንቆ፣ የኳስ ቡድንም ሊሆን ይችላል። ልጆቻችሁ ጎጆ ወጥተው ልጅ ሲጠብቁ ሽማግሌ ከመላካችሁ በፊት፣ ከመፍረዳችሁም በፊት፣ ለየብቻ ጠይቋቸው። የምትሰሙት እናንተ የጠረጠራችሁትን ላይሆን ይችላል። እኔ ከጠየቅሁ በኋላ ነው “እሁድ ነው” የሚለውን የሰማሁት። ባለቤቴን በ1979 ዓ.ም. ጠይቄው ቢሆን ምን ይለኝ እንደነበር ግን አላውቅም፤ አሁን የምጠይቀው የለም።

ወረቀቱ እኔ ዘንድ በመሳቢያ ውስጥ ተቀምጧል። የልጁ ልደት ሲደርስ አብረን እንከፍተዋለን። ያን ቀን ትሸጥ ካሉ ትሸጣለች፤ ልጁም ገዢዋ ቤት ሄዶ ሊያያት ቢፈልግ ለባለቤቱ ነግሮ ይሄዳል።

ለሳምንቱ በሰላም ያገናኘን።