ከመሰላሉ ታች ያሉት

የቴኒስ ነገር ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የፓሪስንና የለንደንን ዋንጫ ነው። ነገር ግን በቀይ ሸክላ ሜዳ ከሚሮጡት ባለሙያዎች አብዛኞቹ ይህን አያዩም። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን እንዳጠናው፥ እ.ኤ.አ. በ2013 ከተወዳደሩት 14 ሺህ ገደማ ተጫዋቾች ግማሽ ያህሉ ቤሳ ሽልማት አላገኙም። ከወንዶቹም ወጪውን የቻለው፥ የአሠልጣኝ ደመወዝ እንኳ ሳይታሰብ፥ እስከ 336ኛው ደረጃ ያለው ብቻ ነበር።

የአርጀንቲናው ማርኮ ትሩንጄሊቲ ምሳሌ ይሁነን። በ2018 ከፓሪሱ ማጣሪያ ወድቆ ሳለ ቦታ መገኘቱን ቢሰማ፥ ከባርሴሎና ከ1000 ኪሎ ሜትር በላይ ከነአያቱ በመኪና ገስግሶ ደረሰ፤ የመጀመሪያውንም ግጥሚያ አሸነፈ። ይኸው ሰው በ2024 በኪጋሊ የሸክላ ሜዳ በተደረገ አነስተኛ ውድድር ዋንጫ ወሰደ።

ኪጋሊ ሩቅ አይደለችም። ውድድር በቅርብ ሲደረግ የአገር ልጅ ያለ አውሮፕላን ወጪ ይሞክራል፤ አዘጋጁም ለአገሩ ልጆች የግብዣ ቦታ ይሰጣል። ለመሰላሉ የመጀመሪያ እርከን የሚሆነው ይህ ነው።

ታዲያ እኛ የፀዳ ተማሪዎች ምን እንጠይቅ? አንድ ሜዳ! የሚያሻው 23.77 ሜትር በ10.97 ሜትር መሥመር፥ በዙሪያው መሮጫ፥ የተፈጨ ጡብ፥ ውኃና የሚንከባከበው ሰው ነው። ወጪ የለውም አንልም፤ ከአቅም በላይ ነው መባሉን ግን አንቀበልም።

ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንላለን፤ የሚታቀፈው ሲኖር ነው እንጂ! ሻምፒዮን ሲገኝ ማጨብጨብ ማንም ያውቅበታል፤ ሳይገኝ ሜዳ ማበጀት ግን የሁላችን ጥያቄ ሊሆን ይገባል።