ሰባት ብርድ ልብስ ከአልጋ ሥር

ባለፈው ጥር ኮንትራቷን ጨርሳ ወደ አገር የምትመለስ አንዲት እኅታችንን ሻንጣ ለማሰር፣ ዕቃዋን ወዳስቀመጠችበት ወደ ጓደኞቿ ቤት ሄደን ነበር። ከአልጋው ሥር ሰባት ብርድ ልብስ ወጣ። ሰባቱም ገና ከነፕላስቲክ ቦርሳቸው ናቸው፤ ወፍራምና የሚያንጸባርቁ፣ አንዱ ላይ ነብር፣ ሁለቱ ላይ ፈረስ፣ የቀሩት ላይ ጽጌረዳ። በአራት ዓመት ውስጥ ከደመወዟ እየቆነጠረች ያጠራቀመቻቸው ናቸው። አንዱ ለእናቷ፣ አንዱ ለአባቷ፣ አንዱ ለክርስትና እናቷ፣ የቀሩት ለእኅት ወንድሞቿ። አንዱን ብንመዝነው ስድስት ኪሎ ተኩል ሆነ። ሰባቱ አርባ አምስት ኪሎ ተኩል ማለት ነው። ባለ 23 ኪሎ ሁለት ሻንጣ ቢፈቀድላት እንኳ ከብርድ ልብሱ ሌላ የምትይዘው ነገር አይኖራትም።

ሦስቱን ለጓደኞቿ ትታ ሄደች። ያሳዘናት ግን ይህ አልነበረም። ለእናቷ የያዘችውን አንሥታ፣ «ይሄኛው ሱፍ ነው ብለው ነው የሸጡልኝ፤ እስቲ አንብቡልኝ» አለችን። ጠርዙ ላይ የተሰፋችውን ትንሽ ጨርቅ ገለጥን። መቶ በመቶ ፖሊስተር ይላል። ዝም ብንል ይሻል ነበር ይሆን እያልን እስካሁን እንከራከራለን።

እሷ ራሷ አራቱን ዓመት የተኛችው አንዲት ስስ አልጋ ልብስ ለብሳ መሆኑን የነገሩን ጓደኞቿ ናቸው።

ይህን ያነሣነው እሷን ለመውቀስ አይደለም፤ ከመካከላችን ብርድ ልብስ ያላጠራቀመ ማን አለ? ከዐረብ አገር የመጣ ብርድ ልብስ በአገራችን የክብር ዕቃ ነው፤ ጎረቤት ሲመጣ ከሣጥን ይወጣል፣ ለእንግዳ ይነጠፋል። እኛ ግን ጨከን ብለን አንድ ነገር ማለት እንፈልጋለን፤ ሰባት የሚያንጸባርቅ ከማጠራቀም አንድ እውነተኛ ሱፍ መርጦ መግዛት ይሻላል። ከዚያም በፊት ለራስ የሚሆን አንድ መያዝ ይቀድማል።

ፖሊስተርና አክሪሊክ ከነዳጅ ዘይት የሚሠሩ ክሮች ናቸው። ውሸት አንናገርም፣ የራሳቸው ጥቅም አላቸው። ርካሽ ናቸው፣ በማሽን ይታጠባሉ፣ ቶሎ ይደርቃሉ፣ ብል አይበላቸውም። ሌሊት የሚያረጥብ ሕፃን ላለበት ቤት እኛም ፖሊስተር ግዙ እንላለን። ችግሩ ገዢዋ ክብደቱን ሙቀት አድርጋ መቁጠሯ ነው። ሱፍ የሚያሞቀው ስለሚከብድ አይደለም። የበግ ጠጉር በተፈጥሮው የተጠቀለለ ስለሆነ በየመሐሉ አየር ይይዛል፣ ያ የተያዘ አየር ደግሞ የሰውነታችን ሙቀት እንዳይወጣ ይከለክላል። ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ከሃያ የሆነ፣ በካሬ ሜትር 500 ግራም የሚመዝን ጥሩ የሱፍ ብርድ ልብስ በድምሩ ሁለት ኪሎ ከ200 ግራም ገደማ ነው። የነብሩ ብርድ ልብስ ሲሦ ያህል ማለት ነው። በዚያ ላይ ሱፍ ከራሱ ክብደት እስከ ሲሦ የሚሆን እርጥበት መጦ እርጥብ ሳይመስል ይቆያል። ፖሊስተር እርጥበት አይመጥም ማለት ይቻላል፤ ከሥሩ ያለው ሰው ያልበዋል፣ ላቡም መልሶ ያበርደዋል።

ሌላም የሚያሳስበን ነገር አለ። የብዙዎቻችን እናቶች ገጠር ናቸው፤ ምድጃው ከመኝታው ሩቅ አይደለም። ሱፍ በቀላሉ አይቀጣጠልም፣ እሳቱ ከራቀለት ብዙ ጊዜ ራሱ ይጠፋል። ፖሊስተር ግን ይቀልጣል፣ የቀለጠውም ገላ ላይ ይጣበቃል። አክሪሊክማ ፈጥኖ ይነዳል። ለእናታችን በፍቅር የላክነው ነገር እሳት ዳር ምን እንደሚሆን ማሰብ ይገባናል።

ታዲያ በምን እንለየው? በመጀመሪያ በጽሑፉ። ደግነቱ ቃሉ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ በዐረብኛም ሱፍ ሱፍ ነው። ነጋዴው ግን ጠጉራም የሆነውን ሁሉ «ሱፍ» ሊለው ስለሚችል፣ «ሱፍ ጠቢዒ? ሚያ ቢል ሚያ?» ብላችሁ ጠይቁት፤ የተፈጥሮ ነው ወይ፣ መቶ በመቶ ነው ወይ ማለት ነው። መልሱን ሰምታችሁ ብቻ አትመኑ፣ ጠርዙ ላይ ያለውን ጽሑፍ አሳዩኝ በሉት። ሰማንያ በመቶ ሱፍ ሆኖ ሃያው ናይለን ቢሆን አይከፋም፤ ናይለኑ ያጠነክረዋል። ሱፉ ሃያ በመቶ ሆኖ በፊቱ ላይ «ሱፍ» ተብሎ በትልቁ የተጻፈበትን ግን ተዉት።

ቀጥሎ በእጅ ነው። በመዳፋችሁ ጨምቃችሁ ልቀቁት፤ ጥሩ ሱፍ ይነፋፋል፣ ተጨማዶ አይቀርም። ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋችሁ እዩት፤ አንዱ ቦታ ወፍሮ ሌላው ቦታ እንደ ወንፊት ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ አሸማመኑ እኩል አይደለም። በመዳፍ ሲያሹት አጫጭር ብናኝ ያለማቋረጥ የሚረግፍ ከሆነ ካረጀ ልብስ ተበጥሶ እንደገና የተፈተለ ሱፍ ሊሆን ይችላል፤ ያ ያሞቃል፣ ዕድሜው ግን አጭር ነው።

የመጨረሻውና የማይዋሸው ፈተና እሳት ነው። ከጠርዙ አንዲት ክር ምዘዙ፣ ውጭ ወጥታችሁ ክብሪት ጫሩባት። የተቃጠለ ጠጉር ከሸተተና አመዱ በጣት ሲነኩት ዱቄት ከሆነ ሱፍ ነው። ላስቲክ ላስቲክ ሸትቶ ወደ ደረቅ ፍሬ ከተድቦለቦለ ሱፍ አይደለም። ይህን በአሠሪ ቤት ውስጥ እንዳታደርጉ አደራ፤ የጭስ መቆጣጠሪያው ከጮኸ ብርድ ልብሱ የሚያመጣው ጣጣ ከዋጋው ይበልጣል።

በአሠሪ ቤት በዕድሜ የገፉ እናት ካሉ ደግሞ ከነጋዴው በፊት እሳቸውን አማክሩ። የበረሃው ሰው የበግና የፍየል ጠጉር፣ የግመልም ጭምር፣ ፈትሎና ሸምኖ የኖረ ነው። ሳዱ የሚሉት ባለ ቀይና ባለ ጥቁር መስመር የድንኳን ጥልፍልፍ የሴቶች ሥራ ነበረ። ሱቅ ዋቂፍም ዛሬ የምናየው መዝናኛ ከመሆኑ በፊት ዘላኖቹ ከብታቸውንና ሱፋቸውን አምጥተው የሚሸጡበት ገበያ ነበረ። አንዳንድ የዶሐ አረጋውያን ብርድ ልብስን «ባርኑስ» ሲሉ ሰምታችኋል? በእኛ በኩል የመንዝ ሰው ከሱፍ የሚሠራውን ካባ በርኖስ ይለዋል። ቃሉ ከየት ወደ የት እንደ ሄደ ሊቃውንት ይንገሩን፤ እኛ ግን በሰማን ቁጥር አገር ቤት ያለን ይመስለናል።

መንዝን ካነሣን አይቀር በዋናነት ልንለው የፈለግነው እዚህ ላይ ነው። ሱፍ ፍለጋ ዶሐ ድረስ መምጣት አያስፈልግም ነበር። የመንዝ በግ ጠጉራም ነው፣ ብርዱን የሚችለውም በዚያ ነው። የአገሩ ሰው ጠጉሩን ሸልቶ ፈትሎ ባናና ዝተት ሲሠራበት ኖሯል። ደብረ ብርሃን ላይም ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ጀምሮ በብርድ ልብሱ ስሙ የታወቀ ፋብሪካ ቆሟል፤ በአዳሪ ትምህርት ቤትና በካምፕ ያለፈ ሰው ግራጫውን የደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ አይረሳውም። የሚገርመው ደግሞ አሠሪዎቻችን ለበዓል የሚያርዱት፣ ነዒሚ የሚሉት ላቱ ሰፊ በግ፣ አዋሲ የሚባለው ዝርያ ነው። ያው አዋሲ በደብረ ብርሃንና በአመድ ጉያ ማራቢያዎች ከመንዝ በግ ጋር ሲዳቀል ኖሯል።

የመንዝ ሱፍ ይኮሰኩሳል፣ አንክደውም። በባዶ ገላ አይለበስም፤ ከሥሩ ነጠላ ወይም አንሶላ ይፈልጋል። የሚያብረቀርቅ ነገርም የለውም፣ ጎረቤት አይቶ አይደነቅበትም። ነገር ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው በደብረ ብርሃንና በዙሪያዋ፣ በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ ሰው ሲተኛበት የኖረ ነገር ነው። የወረኢሉ፣ የደባርቅ፣ የጉና ሥር እናቶችም ብርዳቸው ከዚያ አይተናነስም። ጋቢና ቡልኮ ጥሩ ናቸው፤ ሁለቱም ግን ጥጥ ናቸውና እርጥበት ከያዙ ሙቀታቸው ይጠፋል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ አንድ ሪያል የሚያወጣው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የአገር ቤት ዕቃም እንደተወደደ እናውቃለን። ቢሆንም ስድስት ኪሎ ተኩል ፖሊስተር በካርጎ ከፍሎ ከመላክ፣ ገንዘቡን በባንክ ልኮ ወንድም ወይም እኅት ከአገር ቤት ገበያ ሱፍ መርጦ እንዲገዛ ማድረግ በብዙ መንገድ ያዋጣል። የሸማኔውም ልጅ ይበላበታል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት መንገዱ ብዙ ጊዜ አስቸጋሪ ስለሆነ ሰው መንዝ ድረስ ላኩ አንልም። አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ገበያ ወጥቶ ይፈልግላችሁ፤ ከላይ የነገርናችሁን የክሩንም ፈተና በስልክ ንገሩት።

አሁን ወደ ራሳችሁ እንምጣ። ዶሐ የሙቀት አገር ናት ብላችሁ የምታስቡ አዲስ መጪዎች፣ የጥር ሌሊት 13 እና 14 ዲግሪ እንደሚደርስ፣ ሻማል የሚሉት የሰሜን ነፋስ ሲጨመርበት አጥንት ድረስ እንደሚገባ ገና ታዩታላችሁ። ከሻማል የባሰው ግን ኤሲው ነው። ውጭ አርባ አምስት ዲግሪ በሆነበት በሐምሌ፣ መቆጣጠሪያው በማይደርሱበት ክፍል ሆነው ሌሊቱን ሲንቀጠቀጡ የሚያድሩ እኅቶች እንዳሉ በየዓርቡ እንሰማለን። ወገባቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ «ሥራው ነው» ይላሉ። ስንጠይቃቸው ከአልጋቸው ሥር የእናታቸው ብርድ ልብስ ከነፕላስቲኩ ተቀምጧል።

እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው የኳታር የቤት ሠራተኞች ሕግ ቁጥር 15 አሠሪው ለሠራተኛው ተስማሚ ማደሪያ የማቅረብ ግዴታ አለበት ይላል። ብርድ ልብስ ብሎ በስም አልጠራም፤ ብርድ ልብስ የሌለበት ማደሪያ ተስማሚ ነው የሚል ሰው ካለ ግን አንድ ሌሊት ይደርበትና ይንገረን። ስለዚህ መጠየቅ ነውር አይደለም። ቀስ ብላችሁ፣ ማዳም ስትረጋጋ፣ «ማማ፣ አና በርዳና፣ አብጊ ባጣኒያ» በሉ፤ በርዶኛል፣ ብርድ ልብስ እፈልጋለሁ ነው። አብዛኞቹ ይሰጣሉ፤ የሠራተኛዋ ክፍል ምን ያህል እንደሚበርድ ገብተው አይተው የማያውቁ ብዙ ናቸው። እምቢ ቢሉስ? ያን ጊዜ የእናታችሁን ቦርሳ ክፈቱና ልበሱት። እናታችሁ ቢጠየቁ የሚመልሱት ይህንኑ ነው። እኛ የእናቶችን ደብዳቤ ስናነብ የኖርን ሰዎች ነንና ይህን አውቀን ነው የምንናገረው።

ሱፍ የገዛችሁ ደግሞ አያያዙን እወቁ። ሙቅ ውኃ አያዩት፤ ይኮማተርና እንደ ከረጢት ይደርቃል። በቀዝቃዛ ውኃና በለስላሳ ሳሙና በእጅ ታጥቦ፣ ሳይጠመዘዝ በፎጣ ተጨምቆ፣ ተዘርግቶ ይድረቅ። ብዙ ጊዜ ግን ማጠብ አያስፈልገውም፣ ማናፈስ ይበቃዋል። ጠላቱ ብል ነው፤ ብል ደግሞ የሚወደው ላብና ምግብ የነካውን ነው፤ ስለዚህ ሳታጸዱ አታስቀምጡት። የዶሐ የበጋ ፀሐይ ለዚህ በረከት ናት፤ በወር አንድ ቀን ጣራ ላይ አውጥታችሁ አራግፉት። ናፍታሊን የምታደርጉ ከሆነ ለሕፃን ከማልበስ በፊት ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ብዙ ቀን ይናፈስ፤ ሕፃናትን ይጎዳል። ብርዱ ሲያልፍ፣ በየካቲትና በመጋቢት፣ ሱቆች የክረምት ዕቃቸውን ዋጋ ስለሚቀንሱ ለመግዛት ያንን ጊዜ ጠብቁ።

የገዛችሁትን ይዛችሁ ስትመጡ ጠርዙ ላይ ያለችውን ጨርቅ አትቁረጧት። ዓርብ ዓርብ እዚሁ ነን፣ እናነብላችኋለን፤ ከመክፈላችሁ በፊት በስልክ ፎቶዋን ብትልኩልን ደግሞ የበለጠ ደስ ይለናል።