የበጎ ፈቃደኛው ግብር

በጅቡቲ ከተማ ካርቲየ ሰባት የሚባለው ሰፈር ዝቅ ባለ መሬት ላይ የተቆረቆረ ነው። ከአሮጌዎቹ ቤቶች ብዙዎቹ በእንጨትና በቆርቆሮ ተሠርተው እርስ በርሳቸው የተጠጋጉ ስለሆኑ፣ ከአንዱ ቤት የተነሣ እሳት ለጎረቤቱ ይተርፋል። ውሃውም ከእሳቱ አይሻልም። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ ሆኖ የሚከርመው የአምቡሊ ወንዝ በሚያዝያ 1996 ዓ.ም. በድንገት ሞልቶ በከተማይቱ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ የሁለት ዓመት ያህል ዝናብ በአንድ ቀን መዝነቡ ተነግሯል።

በእንዲህ ያለው ቀን ከሁሉ አስቀድሞ የሚደርሰው ጎረቤት ነው። የቀይ ጨረቃ ማኅበር በጎ ፈቃደኞችም ከዚያው ከሕዝቡ መካከል የወጡ ናቸው። በወደቡ ጭነት የሚያወርድ ወጣት ሕፃናትን በትከሻው ሲያሻግር ከዋለ የዕለት ደመወዙ ይቀርበታል፤ ባለሱቁም ሱቁን ዘግቶ ይወጣል። ደመወዝ የማይከፈልበት ሥራ ሁሉ ወጪ የሌለበት ሥራ አይደለም።

ይህን በመገንዘብ ለበጎ ፈቃደኞቻቸው ግብር የሚቀንሱ አገሮች አሉ። ካናዳ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በዓመት ቢያንስ 200 ሰዓት ላገለገለ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ተከላካይ የግብር ቅናሽ ትሰጣለች፤ ቅናሹ የሚሰላበትንም መጠን በ2024 ከ3 ሺህ ወደ 6 ሺህ ዶላር ከፍ አድርጋዋለች። በኢትዮጵያ በ2008 ዓ.ም. የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ለበጎ አድራጎት የተሰጠ ገንዘብ፣ ግብር ከሚከፈልበት ገቢ እስከ አንድ አሥረኛው ድረስ እንዲቀነስ ፈቅዷል። ገንዘብ የሰጠ ሲታሰብለት፣ ጉልበቱንና ሕይወቱን ለአደጋ የሰጠ የማይታሰብለት ስለ ምንድን ነው?

በጎ ሥራ ዋጋ ከተቆረጠለት በጎነቱ ይቀራል የሚሉ አይታጡም። ይህ አስተያየት በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን ብዙውን ጊዜ የሚሰማው የዕለት ጉርሱ ካላሳሰበው ሰው አፍ ነው። ቅናሹ ለበጎ ፈቃደኛው ከቀረበት ጥቂቱን ይመልስለት እንደ ሆነ እንጂ ባለጠጋ አያደርገውም።

የቅናሹ እውነተኛ ጉድለት በሌላ በኩል ነው። ግብር የማይከፍል ሰው ከግብር ቅናሽ የሚያገኘው ነገር የለም። የካናዳውም ሕግ ቢሆን ግብር ለሌለበት ሰው በምትኩ ገንዘብ አይሰጥም። ይኸው ሕግ እንዳለ ተገልብጦ ወደ ካርቲየ ሰባት ቢመጣ የመንግሥት ሠራተኛውንና ነጋዴውን ሲጠቅም፣ ሥራ አጡንና የቀን ሠራተኛውን ባዶ እጁን ያስቀረዋል፤ በጎርፉ ውስጥ ግን አብረው ነበሩ።

ስለዚህ ለባለሱቁ ከዓመታዊ የንግድ ግብሩ ሲቀነስለት፣ ግብር ለሌለበት ደግሞ የቀረበት የቀን ደመወዝና በሥራው ላይ ቢጎዳ የሕክምናው ወጪ ሊሰጠው ይገባል። ማን ስንት ሰዓት እንዳገለገለ የሚመዘግበውም ማኅበሩ ራሱ ቢሆን ይሻላል፤ የግብር መሥሪያ ቤት ጸሐፊ በጎርፍ ቀን በዚያ ሰፈር አይገኝምና።