እንቁራሪት ሁሉ አንድ አይደለም

«እንቁራሪት ያው እንቁራሪት ነው» የሚል አባባል በግቢያችን ሞልቷል። ሰፈር ውስጥ ቢባል ምን ችግር አለው? የባዮሎጂ ተማሪ ሲለው ግን አልቀበለውም።

የሣር እንቁራሪቶቻችንን እንውሰድ፤ ፕቲካዴና የሚባሉትን። ጀርመናዊው አል በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢትዮጵያ ወደ በርሊን ሙዚየም የሄዱ ናሙናዎችን አይቶ ኒውማኒ እና ኤርላንገሪ የሚሉ ስሞች ሰጠ። ከዚያ በኋላ በደጋው የተያዘ ተመሳሳይ እንቁራሪት አብዛኛው «ኒውማኒ» እየተባለ ብዙ ዘመን ኖረ። ዲ.ኤን.ኤ. ሲመረመር ግን በአንድ ስም ስር ብዙ ዝርያ ታጭቆ ተገኘ። በ2017 ሦስት፣ በ2021 ደግሞ አራት አዳዲስ ዝርያዎች ተሰየሙ፤ ቡድኑም 12 ደረሰ። ከአራቱ አንዱ ፕቲካዴና ዶሮ ይባላል። አዎ፣ የእኛው ዶሮ! ሌላው ሮቤንሲስ ነው፣ ከባሌዋ ሮቤ።

ታዲያ በዓይን ለምን አይለዩም? መልክ ስለሚያታልል ነዋ። በአንድ ዝርያ ውስጥ አረንጓዴም ቡናማም አለ፤ ጀርባው ላይ ነጭ መስመር ያለውም የሌለውም አለ። በሌላ በኩል ሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መንትያ ይመስላሉ። ሴቷ ግን አትሳሳትም፣ ወንዱን በድምፁ ታውቀዋለች። ስለዚህ የ2021ዱ ጥናት ከአካል ልኬትና ከዘረመል ጋር ጩኸታቸውንም አነጻጽሯል።

የእኛ የመስክ ትምህርት ግን ዛሬም መያዝ፣ ፎርማሊን ውስጥ መክተት፣ ስም መለጠፍ ነው። ፎርማሊን ደግሞ ዲ.ኤን.ኤ.ን ያበላሻል። አስቀድሞ ትንሽ ሥጋ ቆርጦ አልኮል ውስጥ ማስቀመጥ ስንት ብር ያስወጣል? በሞባይል ድምፅ መቅዳትስ? ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን መጻፍማ ወጪ የለውም። የዘረመል ላቦራቶሪ ባይኖረን እንኳ ይህ ሁሉ ላለው ሰው ይጠቅማል። «በጀት የለም» የሚለው መልስ እዚህ ላይ አይሠራም።

እኔ የቆሼ ልጅ ነኝ። (የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ትዝ ያላችሁ ካላችሁ፣ የማረቆዋን፣ የበርበሬዋን ቆሼ ነው የምለው።) ከቆሼ ተነስቶ በቡታጅራ በኩል ወደ ጉራጌ ተራሮች የሚወጣ ሰው ከቆላው አፋፍ ተነስቶ ከ3,700 ሜትር በላይ ይደርሳል። የእነዚህ እንቁራሪቶች ዝርያ ደግሞ ከከፍታ ጋር ይለዋወጣል፤ የደጋው ሌላ፣ የወይና ደጋው ሌላ። እንዲህ ያለ ዳገት ደጃችን ላይ እያለ ለመመረቂያ ጽሑፍ «ርዕስ አጣሁ» የሚል ተማሪ ይገርመኛል።

ረግረጉ እኮ አይጠብቀንም። አንዱ ለመስኖ ይቆፈራል፣ ሌላው ባሕር ዛፍ ይተከልበታል። «ኒውማኒ ሁሉም ቦታ አለ» ብለን ስንጽፍ የሚያሳስበው ሰው አይኖርም፤ ዝርያው በአንድ ተራራ ብቻ የሚኖር ሆኖ ቢገኝ ግን ያንን ረግረግ ለማረስ የሚፈቅድ ሰው ሁለቴ ያስባል። ክረምቱ ሲገባ፣ ወንዶቹ መጮህ ሲጀምሩ፣ የመስክ ጉዞው በቀን ሳይሆን በማታ ይሁንልን ብዬ መምህራኖቻችንን እጠይቃለሁ።